ጥበቃ በጣሳ ይገዛል ወይ?

በመኪና ዕቃ መሸጫ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ጣሳ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያል። አንዱ ሰም ነው፤ በአብዛኛው ከብራዚል ዘንባባ የሚገኝ፣ በጨርቅ ተቀብቶ የሚወለወል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቢበዛ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ታጥቦ የሚያልቅ። ሌላው ሲላንት የሚባለው ነው፤ በፋብሪካ የተቀመመ፣ ቀለሙን አጥብቆ የሚይዝ፣ ግማሽ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚቆይ። ገዢው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ብዙ የሚቆየው የትኛው ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም የእሱ ነውና። ከሥሩ ግን ከመኪና ዘመን እጅግ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው በእጁ የገባውን ነገር የመጠበቅ ሥራ አንድ ጊዜ ከፍሎ ሊገላገለው ይችላል ወይ? ጥንቃቄን ለቁስ አስረክቦ ዞር ማለት ይቻላል ወይ? እኔ አይቻልም ባይ ነኝ። ይህ መልስ የትኛውን ጣሳ መግዛት እንደሚገባን ሳይቀር ስለሚወስን፣ ነገሩን ከቀለሙ ጀምሬ ላስረዳ።

ዛሬ በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ቀለሙ አንድ ንብርብር አይደለም። ከላሜራው በላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን አለ፤ ከእሱ በላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ዓይናችን ቀይ ወይም ነጭ ብሎ የሚያውቀው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይመጣል። የክሊሩ ውፍረት በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ስለሚሆን፣ መኪናው ከፀሐይና ከዝናብ ጋር የሚጋፈጥበት ገላው ከአንዲት ፀጉር የቀጠነ ነው ማለት ነው። በዚህ ስስ ሽፋን ውስጥ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጡ ኬሚካሎች ተቀላቅለዋል። እነሱ በጊዜ ብዛት ሲደክሙ ክሊሩ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ይነጣል፣ በመጨረሻም እየተቀረፈ ይረግፋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ ይህ ቀን ፈጥኖ ይመጣል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከምድር ወገብም ብዙ ያልራቀች ከተማ ናት። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ፣ የናፍጣው ጥቀርሻ፣ ከዛፍ የሚንጠባጠበው ሙጫ፣ የክረምቱ በረዶ አለ። የወፍ ኩስ በጋለ ኮፈን ላይ ሳይነሣ ከዋለ ክሊሩን በልቶ፣ ቢያጥቡት የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል።

የቀድሞዎቹ መኪናዎች ክሊር አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተስፋፋው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ፀሐይ ሲመታው ዱቄት እያወጣ ይደበዝዝ ስለነበር፣ ወልውሎ ሰም መቀባት የመኪና ባለቤት ሁሉ ልማድ ሆነ። ክሊር በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ስለዚህ ሰም የመቀባቱ ልማድ ዛሬ ከሚቀባበት ቀለም ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል፤ አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ዘመኑ ያለፈበት ሥርዓት ነው» ቢሉ አይደንቅም።

ሰሙን ራሱን ማወቅ ለክርክሩ ይጠቅማል። የመኪና ሰም ሲነሣ በመጀመሪያ ስሙ የሚጠራው ካርናውባ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴአራ፣ በፒያዊና በሪዮ ግራንዴ ዶ ኖርቴ ግዛቶች ከሚበቅል ዘንባባ ይገኛል። አካባቢው ድርቅ የሚያዘወትረው ነው። ዛፉ ቅጠሉን ሰም የሚያለብሰው ያለችውን ውኃ ፀሐይ እንዳትወስድበት ነው። ሠራተኞች ቅጠሉን ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ሲደርቅ ሰሙ ዱቄት ሆኖ ይራገፋል፤ ዛፉም በሚቀጥለው ወቅት አዲስ ቅጠል ከነሰሙ ያወጣል። ካርናውባ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ሲሆን የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጥቁር ኮፈን በጠራራ ፀሐይ 70 ዲግሪን ሊያልፍ ስለሚችል ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሌላም መታወቅ ያለበት እውነት አለ፦ የብራዚል መንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪዎች በካርናውባ ምርት ላይ ከባርነት በማይሻል ሁኔታ ሲሠሩ ያገኟቸውን ሠራተኞች ነጻ ያወጡበት ጊዜ አለ። ስለ ጥንቃቄ የሚከራከር ሰው ጣሳው ውስጥ የገባውን የሰው ጉልበት ሊዘለው አይገባም።

ሲላንት በሌላ በኩል ከዛፍ አይለቀምም። ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው፤ ብዙዎቹ ከሲሊኮን ዝርያዎች የሚቀመሙ ናቸው፤ ከሰም ይልቅ ሙቀትና ሳሙና ይችላሉ። ከእሱ ከፍ ብሎ የሚሸጠው ሴራሚክ ደግሞ መሠረቱ ሲሊካ ሲሆን፣ ቀለሙ ላይ ጠንክሮ ይቀራል፤ በአግባቡ ከተያዘ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ሆኖም ሻጩ የማይናገረው አንድ ነገር ሦስቱንም ያመሳስላቸዋል። አንዳቸውም ጎማ የሚወረውረውን ጠጠር አይመልሱም። አንዳቸውም በረዶ የሚጎደጉደውን ላሜራ አያድኑም። የሰምና የሲላንት ንብርብር ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ስለሆነ ከጨረር የሚያግደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው፦ ውኃና ቆሻሻ ቀለሙ ላይ እንዳይጣበቅ ያንሸራትታሉ፣ ጨርቅ ሲያልፍ ሰበቃውን ይቀንሳሉ፣ የኩሱና የሙጫው መርዝ ክሊሩ ላይ ከመድረሱ በፊት እነሱን እንዲበላ ያደርጋሉ። የተሠሩት በሌላው ፋንታ ለመበላት ነው። አንዱ ቶሎ ያልቃል፣ አንዱ ዘግይቶ ያልቃል፤ የማያልቅ ግን የለም።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። መኪናን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ከትንሽ ቁስል ነው። ጠጠር ኮፈኑ ላይ ወይም በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የእህል ቅንጣት የምታህል ቦታ ቢፈነቅል፣ ላሜራው ከአየርና ከውኃ ጋር ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ወደ ጎን፣ ከቀለሙ ሥር ሥሩን ይሄዳል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ይነሣል፤ በመጨረሻ ባትላሜራው ቆርጦ ይበይዳል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ዕዳው ሺህ ብር ይሆናል። ያቺ ቁስል በመጀመሪያው ሳምንት ብትታይ ኖሮ ግን በትንሽ ብሩሽ የምትነካ ጠብታ ቀለም ትበቃት ነበር። ማን ያያታል? ሰም አያያትም፤ ሲላንትም አያያትም። የሚያያት ጨርቅ ይዞ ከጣራው እስከ በሩ ግርጌ ክንድ በክንድ የሚዳስስ ሰው ነው። ሰም የሚቀባ ሰው ሳያውቀው ምርመራ ያደርጋል፤ እጁ ሸካራ ቦታ ሲያገኝ ይቆማል፣ ዓይኑ ጎንበስ ብሎ ያያል። የበሩ ጎማ መላላቱን፣ የውኃ መውረጃው በቅጠል መዘጋቱን፣ ከኋላ መብራቱ ሥር እርጥበት መግባቱን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ሰሙ ከጨረር የማያድን ቢሆንም፣ ቶሎ በማለቁ ምክንያት ባለቤቱን መልሶ ወደ መኪናው ይጠራዋል፤ ጥበቃው ግማሹ ከዚያ ጥሪ የሚገኝ ነው። የሰም ማለቅ ጉድለት ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

የረጅም ዕድሜ መሸፈኛ አደጋም ከዚሁ ይመነጫል። ቁሱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እጅግ ጥሩ ነው። አደጋው ባለቤቱ ልብ ውስጥ ነው። «ሦስት ዓመት ይጠብቃል» ተብሎ ሴራሚክ ያስቀባ ሰው፣ ሦስት ዓመት ከማየት ዕረፍት የተሰጠው ይመስለዋል። ኩሱን አያነሣም፤ «ሴራሚክ አለው» ይላል። የጉድጓድ ውኃ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚተወው የጨው ነጠብጣብ ሴራሚክን ራሱን እንደሚያበላሸው አያውቅም፤ በየጊዜው ካልታጠበ ከተባለለት ዕድሜ በፊት ውኃ ማንሸራተቱን እንደሚያቆምም አልተነገረውም። እውነቱ ግን በውሉ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል፦ ዋስትናው በየወቅቱ ለሚደረግ እጥበትና ምርመራ የታሰረ ነው። ቃል የተገባው ዘላቂነት ሰው እየተመላለሰ ካላየው የማይቆም ዘላቂነት ነው። እንጀራ ጋጋሪ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አዲስ ምጣድ በጎመንዘር ይሟሻል፤ ያም ለምጣዱ ዕድሜ መሠረት ይሆነዋል። ሆኖም ሟሽቷል ተብሎ ማሰሻው አይጣልም፤ በየእንጀራው መሃል ምጣዱ ይታሰሳል፣ ሲታሰስም ይታያል፤ ስንጥቁ፣ የተላጠው፣ የሚይዘው ቦታ ይታወቃል። ማሟሸት ማሰስን አልሻረም።

ነገሩ ከመኪና ወደ ሕንፃ ከፍ ሲል ይበልጥ ይጎላል። በማሊ፣ በጄኔ ከተማ ያለው ታላቁ መስጊድ የተሠራው ከጭቃ ነው። አሁን የሚታየው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 የቆመ ሲሆን፣ ከተማዋ ከነጥንታዊ ይዞታዋ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ዝናብ በየዓመቱ ምርጊቱን ያጥባል፤ የከተማው ሕዝብም ወጥቶ፣ ግንበኞች እየመሩት፣ ወጣቱ ጭቃ እየተሸከመ መልሶ ይመርጋል። ሕንፃው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ቁሱ ጠንካራ ስለሆነ ነው የሚል የለም፤ ጭቃ ነው። የቆየው መርሳት ስላልተፈቀደ ነው። በሌላው ጫፍ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ፣ ሰው ሊሠራው ከሚችለው ሁሉ ለዘለዓለም የቀረበ የሚመስል ሥራ። ግን ዝናቡና እርጥበቱ አለቱንም ሰነጠቀው፣ ቅርጹንም ሸረሸረው። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ የብረት መጠለያ ተተከለ። መጠለያው ዝናቡን አገደ፤ የቆመው ግን ለተወሰኑ ዓመታት ታስቦ ስለነበር፣ ዛሬ ራሱ ምሰሶው፣ ክብደቱ፣ በነፋስ መወዛወዙ የከተማውን ሕዝብና ካህናቱን የሚያሳስብ ሌላ ጉዳይ ሆኗል። ይህን የምለው መጠለያው አያስፈልግም ነበር ለማለት አይደለም፤ ምናልባት ያለ እሱ ጉዳቱ ይብስ ነበር። የምለው አለትም መጠለያም የሚያይ ሰው ይፈልጋል ነው። ጭቃው ይህን አልደበቀም፤ አለቱና ብረቱ ግን ለጊዜው አስረሱን።

ከተቃውሞዎች ሁሉ የሚከብደኝ ከሃይማኖት በኩል የሚመጣው ነው። ወንጌል ሀብታችንን ብልና ዝገት በሚያጠፋበት በምድር ላይ እንዳናከማች ያስጠነቅቃል፤ ዝገት በስሙ ተጠርቷል። መጽሐፈ መክብብ የሰውን ድካም ሁሉ ከንቱ ይለዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ደግሞ የጽዋውን ውጭ እያጠሩ ውስጡን የሚተዉ ሰዎች፣ በኖራ ከተለሰኑ መቃብሮች ጋር ተመሳስለው ይወቀሳሉ። ታዲያ የብረት ገላ ለማስዋብ ቅዳሜን ሙሉ የሚያጠፋ ሰው ከዚህ ወቀሳ ያመልጣል? ጥያቄው በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። መኪናውን እያብረቀረቀ የፍሬኑን ሸራ ያላሳየ ሰው አለ፤ ለኮፈኑ ሰም እየገዛ ለተላጠ ጎማ የማይገደው አለ፤ በዚህ ሰው ላይ ወቀሳው ያለ አንዳች ቅናሽ ይሠራል፤ ምክንያቱም ውጩን የሚያየው ለመታየት ነው፣ ውስጡን የሚተወው ደግሞ የሌላ ሰው ነፍስ እየነካ ነው። የቅደም ተከተሉን ጉዳይ በተመለከተ እኔም ከወቃሾቹ ጋር ነኝ፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራት፣ ከዚያ በኋላ ቀለም።

ከዚህ አልፎ ግን ቃሉን በጥንቃቄ ብናነበው ለጥንቃቄ ጠላት ሆኖ አናገኘውም። ስለ ብልና ዝገት የተነገረው ነገር ልብ የት እንደሚያርፍ ነው፤ በተዘዋዋሪም በምድር ላይ ለዘለዓለም የሚጠበቅ ነገር የለም ይለናል። ይህን ቃል የሚቃወመው ታዲያ ማን ነው? በየሁለት ወሩ ሰም የሚቀባው ሰው የሚያልቅ ነገር በሚያልቅ ነገር እየሸፈነ ያንን እውነት በእጁ ይለማመዳል። «ዘላለማዊ ጥበቃ» ብሎ የሚሸጠውና አምኖ የሚገዛው ነው ዝገትን የካደው። ስለ ጽዋውና ስለ መቃብሩ የተነገረው ወቀሳም በዚህ ሙያ ውስጥ ትክክለኛ አድራሻ አለው። ጭረትን ሳያወጡ በቅባት የሚሞሉ ፖሊሾች አሉ፤ መኪናው ለገበያ ሲቀርብ ይቀባሉ፣ ገላው እንደ አዲስ ያበራል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ ሁሉ ከነቁጥሩ ብቅ ይላል። ይህ በኖራ መለሰን ነው፤ በገዢው ላይ የተፈጸመ ማታለልም ነው። በአግባቡ የተቀባ ሰም ግን ምንም አይሸሽግም። እንዲያውም ከመቀባቱ በፊት ቀለሙ መታጠብ፣ የተጣበቀው ቆሻሻ መነሣት አለበት፤ አቧራ ላይ የተቀባ ሰም አሸዋውን ከቀለሙ ጋር አሽቶ አዲስ ጭረት ያወጣልና። ሥራው ራሱ መጀመሪያ ንጹሕ ሁን ይላል። በእስልምናም በኩል በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስ መልካም ልብስና መልካም ጫማ መውደድ ኩራት ይሆን እንደሆነ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ውበትን ከኩራት ለይቶ፣ ኩራትን እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ አድርጎታል። መለኪያው ይህ ከሆነ፣ መኪናው ስላበራ ሰው የሚንቅ ሰው በኩራቱ ይጠየቃል፤ ማብራቱ ራሱ ግን ኃጢአት አይሆንም።

ከእኛው የቅኔ ባህል የሚመጣ ሌላ ተቃውሞ አለ። ሰም የሚገፈፈው፣ ወርቅ የሚፈለገው ነው፤ ስለዚህ ስለ ሽፋን መጨነቅ የተማሪ እንጂ የሊቅ ሥራ አይደለም ይባላል። ይህን የሚል ሰው አንጥረኛውን ቢያስታውስ ይበጃል። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ በሸክላ ጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠው ማዕድን ይገባል። ወርቁ የሚይዘው መልክ ሰሙ ትቶለት የሄደውን ነው። ሰሙን በግዴለሽነት የቀረጸ ሰው በወርቅ አያርመውም። ቅኔያችን ሰምን አይንቅም፤ አስተውሎ የሚያልፍበትን ሰው ይፈልጋል እንጂ።

ምናልባት ከሁሉም ይበልጥ ተግባራዊ የሚሆነው የጊዜ ተቃውሞ ነው። የሰው ልብ የሚያስበው ውሱን ነው፤ ለቀለም የሚሰጥ ትኩረት ከልጅ፣ ከታመመ ጎረቤት፣ ከመጽሐፍ የተነጠቀ ነው፤ ስለዚህ ቁስ ሊሸከምልን የሚችለውን ሁሉ ቁስ ይሸከምልን ይባላል። በዚህ ውስጥ ትልቅ እውነት አለ። ከንጋት እስከ ምሽት ታክሲ የሚያሽከረክር ሰው በየስድስት ሳምንቱ ሰም ይቀባ ማለት ደሃን ስለ ጊዜው መውቀስ ነው። ፈላስፋዋ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው የሰውን ልጅ ተግባር በሚመረምር መጽሐፏ፣ ተሠርቶ የሚቆም ነገር የሚያስገኘውን ሥራ፣ ተሠርቶ ወዲያው ከሚያልቀውና ነገ እንደገና ከሚጀመረው ልፋት ለይታለች፤ ዓለምን ከመበስበስ የመጠበቅ ዕለታዊ ትግልም አሰልቺ፣ ክብር የማያስገኝ ልፋት መሆኑን አልሸሸገችም። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው፣ ልፋቱ ክብር ያጣው በባሕርዩ አይመስለኝም የሚለውን ነው። ለዘመናት የተሠራው ድምፅ ባልነበራቸው ሰዎች፣ በሴቶችና በአገልጋዮች ስለሆነ ነው። ጭቃ የመረገው፣ ደጅ የጠረገው፣ ምጣድ ያሰሰው እጅ ቢታይ ኖሮ ዓለም የቆመችው በማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ለባለ ታክሲው ግን መልሴ ግልጽ ነው፦ ሲላንት ይግዛ። ቶሎ የማያልቅ መሸፈኛ መምረጥ ስለ ራስ እውነቱን መናገር ነው፤ «በየወሩ አልመለስም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ግን እመለሳለሁ» እንደማለት ነው። ይህ የመመላለሻውን ርቀት ማስተካከል ነውና አልቃወመውም። የምቃወመው «ከእንግዲህ አልመለስም» የሚለውን ነው።

ጥንቃቄን ለቁስ ማስረከብ አይቻልም ካልን፣ ለሰው ማስረከብስ? አብዛኛው የከተማ መኪና የሚታጠበው በላቫጆ ነው። ባለቤቱ ከፍሎ ሻይ ይጠጣል፤ ወጣቶች ጎንበስ ብለው ያጥባሉ። ሰው ከቁስ የሚለየው ዓይን ስላለው ነው፤ ቁስሉን ሊያይ፣ ሊናገር ይችላል። ነገር ግን የምንከፍለው ለፍጥነት ከሆነ ዓይኑን አልገዛነውም። መሬት ላይ የወደቀ ስፖንጅ ከነአሸዋው ተነሥቶ ኮፈኑን ሲያሽ፣ በልብስ ዱቄት ሳሙና ሲታጠብና ሰሙ ሁሉ በአንድ እጥበት ሲገፈፍ፣ ልጁ ላይ መፍረድ አይገባም። የሚከፈለው በመኪና ብዛት ነው፤ ቀስ ቢል ራቱን ያጣል። ከብራዚል ቅጠል ቆራጭ ጀምሮ እስከ ላቫጆው ልጅ ድረስ የመኪናችን ማብራት በርካሽ ጉልበት ላይ ቆሟል። ለሌላ ሰው የተሰጠ ጥንቃቄ ጥንቃቄ ሆኖ የሚቀጥለው ሰውየው ቀስ የማለት ጊዜና የመናገር መብት ሲኖረው ነው። «እዚህ ጋር ቀለሙ ተነሥቷል ጋሼ» ያለውን ልጅ «አንተ እጠብ ብቻ» ብሎ የመለሰ ባለቤት፣ በጣሳ ከሚገዛው ሁሉ የሚበልጠውን ጠባቂ አባሯል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ብረት ይገባል ወይ የሚል ሰው ቢኖር፣ በአገራችን መኪና ምን እንደሆነ ማየት ይበቃል። ብዙዎቹ ሌላ አገር ላይ አንድ ዕድሜ ከጨረሱ በኋላ የገቡ ናቸው፤ እዚህም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ሌላ ዕድሜ ይኖራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። አሁን በእጃችን ያሉት እነዚህ መኪናዎች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። ዛሬ የምንነዳውን ከእኛ በኋላ የሚነዳው ሌላ ሰው አለ፤ ምናልባት የቤተሰቡን እንጀራ የሚያወጣበት ሰው። ይህን ስናስብ መኪናው በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ይሆናል። አደራ ደግሞ ባለቤቱ እስኪመጣ የሚጠበቅ ነው፤ አደራ ተቀባይ «ጥሩ ቁልፍ ገዝቼበታለሁ» ብሎ ከመጠየቅ አይድንም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ደጅ የሚያድር መኪና ያለው፣ ጊዜው የተጣበበ ሰው ሲላንት ይምረጥ። ሥራውን የሚወደውና የሚመላለስበት ጊዜ ያለው ሰው ካርናውባውን ይምረጥ፤ በቶሎ ማለቁ አይክፋው። ሴራሚክ ለአዲስ ወይም ለታደሰ ቀለም እንጂ ለተጫረና ለነጣ ክሊር አይሆንም፤ ሲጠነክር ጭረቱንም አብሮ ያስቀረዋልና፤ ያስቀባም ሰው ማጠብና ማየቱን አያቋርጥ። ሲላንት የመረጣችሁ ሁለት ቀን ቁረጡ፦ አንዱን በግንቦት ክረምቱ ሳይገባ፣ ሌላውን በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያቆም፤ በእነዚያ ቀናት ቀለሙን ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ ዳስሱት፣ የተፈነቀለ ቦታ ካገኛችሁ ሳታሳድሩ ንኩት። በላቫጆ የምታሳጥቡ ደግሞ ለስላሳ የመኪና ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሚያጥበው ልጅ ቀስ ብሎ እንዲሠራ የሚያስችለውን ክፈሉት፣ ሲጨርስም «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት።